የባልዲው ግድግዳ

እኔ መጠየቅ አልወድም። መልስ መስጠት ነው የምወደው። ባሌ በሕይወት ሳለ “አንቺኮ ሳይጠሩሽ አቤት፣ ሳይልኩሽ ወዴት ነሽ” ይለኝ ነበር። እየሳቀ ስለሚለው እንደ ሙገሳ ቆጥሬው ኖርኩ። ሙገሳ አለመሆኑ የገባኝ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ባለፈው ኅዳር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ በዋልኩት ውለታ ነው።

ሥራዬ የከተማችንን የሃ ራሞካን ጋለሪ መጠበቅ ነው። ኃላፊውም፣ ጠራጊውም፣ ዘበኛውም እኔው ነኝ። ቤቱ ድሮ በጭቃ የተመረገ ፖስታ ቤት ነበር። ፖስታ ቤቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር ማዘጋጃ ቤቱ “ለአካባቢው የእጅ ባለሙያዎች ይሁን” አለና ሰጠን፤ ቴምብር መሸጫው መስኮት ላይ ዕድሜዬን የፈጀሁት እኔም ከዕቃው ጋር አብሬ ቀረሁ። ዛሬ ደብዳቤ ይደረደርባቸው በነበሩት ሣጥኖች ውስጥ የዶቃ ሥራ አለ። ግድግዳው ላይ ከፍየል ጠጉር የተሸመኑ ምንጣፎች ተሰቅለዋል፤ በመስኮቱ በኩል የሣር ቆቦች፣ ከመሬት ደግሞ የሸክላ ማሰሮዎች። የሚሸምኑትም፣ የሚሰፉትም፣ ጭቃ የሚያቦኩትም የዚሁ ከተማና የዙሪያው ሰዎች ናቸው። ሲሸጥላቸው ከእነሱ በላይ እልል የምለው እኔ ነኝ፤ ሳይሸጥ ሲቀር ደግሞ የሚቆጡት እኔን ነው። እወደዋለሁ ያን ቤት። የገዛ ቤቴን ከምጠርግ እሱን ብጠርግ ይሻለኛል። ልጄ ሊምፖ ይህን ስትሰማ ታኮርፋለች ብዬ ግን ቤት ውስጥ አልናገረውም።

አንድ ነውር ነበረበት። ጣሪያው በምሥራቁ ግድግዳ አናት ላይ ያፈሳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ግድግዳውን ይዞ ኮለል እያለ ይወርዳል። ከሥሩ ቢጫ ባልዲ አስቀምጬ ስለኖርኩ ሰዉ ሁሉ “የባልዲው ግድግዳ” ነው የሚለው፤ ምንም አይሰቀልበትም። አራት ዓመት ሙሉ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩ። ማመልከቻዬን የሚቀበለው ንታቴ ሞሶላ ቢሮው ከጋለሪው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። በመስኮት እጁን እያውለበለበልኝ “ማመልከቻዎ ደርሶናል” የሚል ደብዳቤ በፖስታ ይልክልኛል። ንታቴ “አቶ” ማለት ቢሆንም የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ አንተ ነው የምለው፤ እሱ አንቱ ይለኛል፤ በተረፈ እኩል እንነታረካለን።

በእኛ አገር ኅዳር ላይ የሚገባው ዝናብ ሊጀምር ሲል እሜ ማንቶፌላ መጡ፤ እሜ “እማማ” ማለት ነው። ሰባ አምስት ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም፤ ቀጭን፣ ቁመታቸው እንደ ጋቢ ከሚደርቡት ብርድ ልብስ የማይረዝም ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው በአውራጃው ሊቴማ የሚሠራ እንደሳቸው አልነበረም። የቤትን ግድግዳ በጭቃና በእበት መርጎ፣ ሳይደርቅ በጣትና በሹካ እንደ እርሻ መተለም፣ ከዚያ በቀይና በነጭ አፈር መቀባት፤ ሊቴማ ማለት ይኸው ነው። ታዲያ ከስድስት ዓመት በፊት የእህታቸው ልጅ ደግ አደርጋለሁ ብሎ የጭቃ ቤታቸውን አፍርሶ በብሎኬት ሠራላቸው። ሲሚንቶ ደግሞ ያንን ጭቃ አይዝም፤ በማግስቱ እየተቀረፈ ይወድቃል። ግድግዳ የሌላቸው የግድግዳ ባለሙያ ሆነው ቀሩ።

“ማሊምፖ፣ ግድግዳ ስጪኝ” አሉኝ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ።

“ግድግዳ? ምን ሊያደርጉበት፣ እሜ?”

“ልበላው። ምን አደርግበታለሁ፣ እሠራበታለሁ እንጂ። ኬኔይሎ በወሩ መጨረሻ ልታገባ ነው።”

ኬኔይሎ የልጅ ልጃቸው ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ በጀርባቸው አዝለው፣ በእጃቸው አጉርሰው ያሳደጓት፤ አሁን ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራ ጎበዝ ልጅ። ደስ አለኝ። እጃቸውን ይዤ መስኮት ፊት ለፊት ወዳለው፣ ብርሃን ወደሚያገኘው ግድግዳ ወሰድኳቸውና ምንጣፎቹን ላወርድላቸው ተነሳሁ።

“ይሄ ደረቅ ነው፣ ጠብታ አያውቀውም” አልኩ፣ ኩራት ኩራት እያለኝ።

“ደረቅ መሆኑንማ አየሁት” ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ባልዲው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ውሃው የተወውን የዝገት መንገድ ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ተከተሉት፤ በጣታቸውም ዳሰሱት። “ይሄን ነው የምፈልገው።”

“እሱ እኮ ያፈሳል፣ እሜ።”

“ዓይን አለኝ።”

ለምን ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን መልሱን ለራሴ ሰጠሁ፤ እርጅና ነው፣ ደማቁ ብርሃን ዓይናቸውን ይወጋቸዋል አልኩና ባልዲውን ወደ ጥግ ገፋሁላቸው።

ዘጠኝ ቀን ሠሩ። ጠዋት ጠዋት ማዳበሪያ ከረጢት ይዘው በከተማው መንገድ እበት ፍለጋ ሲዞሩ ሰው “ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ” እያለ ይስቅባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የትኛው ሰው ላሙን በየት በኩል ወደ ገበያ እንደሚነዳ ያውቃሉ። ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። በሦስተኛው ቀን ንታቴ ሞሶላ መስኮቱን ከፈተ።

“እሜ ማሊምፖ፣ ይሄ ሽታ ከጋለሪው ነው?”

“ጥበብ ነው የሚሸትህ።”

“ጥበብ እንዲህ ከሸተተ እኔ መሃይም ልቅር” ብሎ ዘጋው።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ ስሰጣቸው ግማሹ ማስቀመጫው ላይ ይቀራል። እርጥቡን ጭቃ ሲነኩት ግን ቀጥ ይላል። አንድ ጥርሱ በጎደለ የማእድ ቤት ሹካ ነበር የሚተልሙት። አንዱ ትልም ወደ ምሥራቅ፣ ቀጣዩ ወደ ሰሜን፤ አራቱ ሲገናኙ መሐላቸው አበባ ይወጣል፤ አበባው ደግሞ ከጎኑ ካለው ጋር ሲገናኝ ሌላ አበባ። እየሠሩ በለሆሳስ ያወራሉ። መዝሙር ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሲያልቅ ከተማው ሁሉ መጣ። ምንጣፍ ሸማኔዎቹ አፋቸውን ይዘው ቆሙ። በዓመት አንዴ ለግብር ስብሰባ ካልሆነ ጋለሪውን የማይረግጡ ሰዎች ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ንታቴ ሞሶላ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ቆቡን አወለቀ፤ ሽታውን አላነሳም። “እናቴ እንዲህ ያለ ትሠራ ነበር” አለና አፍንጫውን በመሐረብ ጠርጎ ወጣ። በሳምንቱ ከማሴሩ የጥበብ ሰዎች ግድግዳውን ሊያዩ ከሠርጉ በኋላ ባለው ሰኞ እንደሚመጡ ነገረኝ። ጋለሪው በቆየበት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዋና ከተማው አንድ ሰው እንኳ መጥቶልኝ አያውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ካለቀስኩ በኋላ ግን ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። በዚያኑ ቀን መንገድ ተሻግሬ ንታቴ ሞሶላ ቢሮ ገባሁና፣ ጣሪያው ካልተሠራ ሰኞ ዕለት እንግዶቹን የጭቃ ኩሬ አሳያቸዋለሁ አልኩት። አራት ዓመት ያላገኘሁት ቆርቆሮ በአራት ቀን መጣ። ሠራተኞቹ መትተው ሲጨርሱ ራሴ ውሃ አስደፍቼ አየሁት። አንዲት ጠብታ አልገባችም።

እሜ ማንቶፌላ በሠርጉ ዝግጅት ተይዘው አላዩም ነበር። ሠርጉ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ ድንገት ደስ ላሰኛቸው ብዬ ጠራኋቸው። ባልዲውን አጥቤ ገልብጬዋለሁ።

“ባልዲው ምነው ተገለበጠ?” አሉ ገና ከበሩ።

“ይቀመጡበት ብዬ ነዋ። ከእንግዲህ ሥራ የለውም። እስቲ ቀና ይበሉ።”

ቀና አሉ። አዲሱ ቆርቆሮ ያበራል።

“ውሃውስ?”

“በአሸንዳው አድርጎ ወደ መንገድ። ግድግዳዎን ከእንግዲህ ምንም አይነካውም። የኬኔይሎ የልጅ ልጆች ያዩታል።”

ምርቃት እጠብቅ ነበር። እሳቸው ባልዲው ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም።

“አልወደዱትም?”

“ማን ጠየቀሽ?” አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነት ማወቅ የፈለጉ ነው የሚመስለው። “ማሊምፖ፣ ማን ጠየቀሽ?”

ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁት። ያኔ ነው የነገሩኝ።

“እናቴ እኔን ስትድር ግድግዳ ሠራች። አያቴም እናቴን ስትድር። በእኛ ቤት ግድግዳው ጥሪ ነው። ቤታችን ደስታ አለ፣ ኑ ብለን ላለፉት የምንልከው። እነሱ ደግሞ የሚመጡት በዝናብ ነው። ከሠርጉ በፊት ከታጠበ መጥተዋል፤ ካልታጠበ አልመጡም። የእኔ በሦስተኛው ቀን ታጠበ። ያጠበችው አያቴ ናት፤ በጣም ችኩል ነበረች።” ግድግዳውን አዩት። “ያለኝ የሲሚንቶ ቤት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ልልክላቸው አልቻልኩም። በከተማው ጭቃ የሚይዝ፣ ዝናብም የሚገባበት አንድ ግድግዳ ይሄ ነበር።”

“ለማን ነው የላኩት?” አልኩ። በዚያ ወር መልሱን ለራሴ ሳልሰጥ የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም።

“ለማን ይሆናል? ለሙሽራዋ እናት ነዋ። ለልጄ።”

ንቶፌላን አውቃታለሁ። ኬኔይሎን አዝላ ወደ ቴምብር መስኮቴ ትመጣ ነበር፤ ሕፃኗ በብርድ ልብሱ አናት ብቅ ብላ ማኅተሜን ልትይዝ እጇን ትዘረጋለች። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው እናቷ የሞተችው። ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት እሜ ማንቶፌላ፣ የንቶፌላ እናት፣ እያልኩ ስጠራቸው የማንን ስም እንደምጠራ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

“እሜ፣ እኔው ውሃ ላምጣ። በዚሁ ባልዲ...”

“የገዛ በርሽን ራስሽ አንኳኩተሽ እንግዳ መጣ ትያለሽ?” ብለው ተነሱ። ብርድ ልብሳቸውን አስተካከሉ። “ቆርቆሮው ጥሩ ቆርቆሮ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።” እግዜር ይስጥልኝ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ኬኔይሎ የጥሪ ካርዴን ይዛ መጣች። ቆማ እያጣመመችው ቆየች እንጂ አልሰጠችኝም።

“አያቴ ምን ሆነች እዚህ? እህል ከተወች ሦስት ቀኗ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሠርጉን እናቆየው አለችኝ። በሬው ተገዝቶ፣ ድንኳኑ ተከራይቶ።”

የሆነውን ነገርኳት። ግድግዳው ፊት ቆማ ሰማችኝ።

“እኔ በዚህ ነገር አላምንም፣ እሜ ማሊምፖ። ክሊኒክ ነው የምሠራው” አለች። ካርዱን ገልብጣ አየችውና ደግሞ፣ “የእናቴ መልክ አይታወሰኝም። ፎቶ እንኳ የለንም። እናቴ ለእኔ የአያቴ ስም ብቻ ናት” አለች። ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጋ ወጣች።

ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ። የማሴሩ ሰዎች ሰኞ ይመጣሉ። ሰኞ ባዶ ግድግዳ ካገኙ ሁለተኛ አይመጡም፤ ሸማኔዎቹም፣ ቆብ ሰፊዎቹም የሚጠብቁት ያንን ሰኞ ነው። ጋለሪውን እወደዋለሁ ብያለሁ። ግን ደግሞ ለንቶፌላ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ከተራራው ጀርባ ደመናው ጠቆረ። ሠራተኞቹ መሰላላቸውን ከጓሮ ትተውት ነበር። ቀሚሴን በገመድ አስሬ፣ መዶሻ ይዤ፣ ባለ አንድ ጤነኛ ጉልበት ሴት ሆኜ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ምስማር እንደነቀልኩ የማዶው መስኮት ተከፈተ፣ ቀጥሎም በሩ፤ ንታቴ ሞሶላ ክራቫቱ ትከሻው ላይ እየተወዛወዘ መንገዱን ሮጦ ተሻገረ።

“እሜ ማሊምፖ፣ ምን እየሠሩ ነው?”

“ጣሪያ እያፈረስኩ።”

“አራት ዓመት የጨቀጨቁኝን ጣሪያ?”

“እሱኑ።”

“ሰኞ እንግዶች እንዳሉብን ረሱት?”

“ከሰኞ በፊት ሌላ እንግዳ አለችብኝ። ግድግዳው የተሠራው ለእሷ ነው።” ቁልቁል አየሁት። “እናትህ ግድግዳ ትሠራ ነበር አላልከኝም? ዝናብ ሲያጥበው ምን ትል ነበር?”

ቀና አለ። ደመናውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቢሮውን ዞሮ አየ። ከዚያ መጥቶ የመሰላሉን ሁለት እግር ያዘ።

“እኔ ምንም አላየሁም” አለ። “መሰላሉ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ነው የያዝኩት።” ወደ ጣሪያው አሻቅቦ አየና ደግሞ፣ “አንዱ ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ ያለውንም ይንቀሉት፤ ካለበለዚያ ጥጉ አይታጠብም።”

ኬኔይሎ ጋ የደወለው እሱ ነው። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ እሜ ማንቶፌላ ከልጅ ልጃቸው ጋር በአንድ ዳቦ ቤት መኪና ተሳፍረው ደረሱ። የኬኔይሎ ፀጉር ለነገ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቀርቷል። እኔ ከጣሪያ ወርጄ ጉልበቴን እያሸሁ ነበር።  አራታችንም ግድግዳው ፊት ቆምን።

ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ አናቱ ላይ ያለውን ነጭ ነካው፣ ቀጥሎ ቀዩን። ትልሞቹ ውሃውን እየተቀበሉ ለሚቀጥለው ሰጡ፤ ለዚህ ይመስላል የተተለሙት። ከዚያ አበቦቹ መሄድ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ዓይኔ እያየ ፈረሰ። ዘጠኝ ቀን የተሠራው በሩብ ሰዓት ወለሉ ላይ ቀይ ውሃ ሆነ። ንታቴ ሞሶላ ጫማው ርሶ አልተንቀሳቀሰም።

እሜ ማንቶፌላ እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳው ላይ አኖሩት። ውሃው በጣቶቻቸው መሐል ወረደ።

“ደረስሽ፣ ልጄ” አሉ። “አረፈድኩ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሮጪው?” ከዚያ ስድስት ዓመት ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቁ። “ችኩል ናት። ቅድመ አያቷን ቁርጥ።”

ኬኔይሎ ከኋላቸው መጥታ የራሷን እጅ ከአያቷ እጅ አጠገብ አደረገች።

ሰኞ የማሴሩ ሰዎች መጡ። ባዶውን ግድግዳ ሳሳያቸው አንደኛው ተቆጣ፤ አንዷ ግን የቀረውን ቀይ ዝቃጭ ለረጅም ጊዜ እያየች ቆየችና የባለሙያዋን ስም ጻፈች፤ ሦስት ምንጣፍና የቆቦቹን ግማሽ ገዝተው ሄዱ። ይመለሳሉ አይመለሱም አላውቅም። ቆርቆሮዎቹን መልሰን አልመታናቸውም፤ በቦታቸው የሚነቀልና የሚገጠም ክዳን አሠራን፤ ንታቴ ሞሶላ “የአየር ማስገቢያ” ብሎ ፈረመበት። ባልዲውም ወደ ቦታው ተመልሷል።

ከዚያ ሰኞ በፊት፣ ቅዳሜ ግን ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው በሰው ላይ ነው። የበሬ ሥጋና ፓፓ የምንለውን የበቆሎ ገንፎ በሳህን ይዤ፣ ያ መሰላል የጨረሰው ጉልበቴ እያቃጠለኝ መቀመጫ ስፈልግ፣ ከሙሽራዋ አጠገብ አንድ ወንበር ባዶውን አየሁ። መደገፊያው ላይ የታጠፈ አሮጌ የሴት ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። እግዜር ይመስገን ብዬ ልቀመጥ ጎንበስ ስል ኬኔይሎ ቶሎ ብላ እጇን ወንበሩ ላይ አደረገች።

“ይቅርታ፣ እሜ ማሊምፖ” አለችኝ። “ሰው አለው።”

ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ቆሜ በላሁ።